ጊዜው ያለፈበት ዕዳ፡- የተወዘፈ ነው ወይስ በይርጋ የቀረ?
የግብዓት ብድር አሰባሰብና የሕጉ አረዳድ ሲፈተሽ

የመኸር ምርት ተወቅቶ ወደ ጎተራ በሚገባበት ወቅት በየቀበሌው የሚነሳ አንድ አጀንዳ አለ። የማዳበሪያና የምርጥ ዘር ዕዳ አሰባሰብ ነው። የኅብረት ሥራ ማኅበራት የባለዕዳ ዝርዝር ይዘው ይወጣሉ፤ የቀበሌ አመራሮችና የግብርና ባለሙያዎች ስብሰባ ይጠራሉ፤ አርሶ አደሩም ምርቱን የሚሸጥበትን ዋጋና የሚከፍለውን ዕዳ ያመዛዝናል። በዚህ መድረክ ላይ ደጋግሞ የሚሰማ አንድ ቃል አለ፤ “ጊዜው ያለፈበት ዕዳ” የሚል።

ይህ ቃል ግን ሁለት የማይገናኙ ነገሮችን በአንድ ስም ይጠራል። ሰብሳቢው “ጊዜው ያለፈበት” ሲል የመክፈያው ቀን አልፎ ያልተከፈለ፣ ውዝፍ የሆነ፣ በአስቸኳይ መሰብሰብ ያለበት ዕዳ ማለቱ ነው። ከተበዳሪው ወገን አንዳንዱ ያንኑ ቃል ሲሰማ ዘመኑ ያለፈ፣ ከእንግዲህ የማይጠየቅበት ዕዳ አድርጎ ይረዳዋል። ሕጉ ሁለቱን ለይቶ ያስቀምጣል። ልዩነቱን አለማወቅ ደግሞ ሁለቱንም ወገን ይጎዳል። አርሶ አደሩ ያላሰበውን ግዴታ በፊርማው እንዲያድስ ያደርገዋል፤ ማኅበሩም በሕግ ሊያስከብር ይችል የነበረውን ገንዘብ በቸልታ እንዲያጣ ያደርገዋል።

ጉዳዩን በያዝነው 2018 ዓ.ም ይበልጥ አንገብጋቢ የሚያደርገው ምክንያት አለ። በ2007 ዓ.ም ክረምት በኤልኒኖ ሳቢያ ዝናቡ ተዛብቶ በሰሜን ወሎ፣ በዋግ ኽምራና በሌሎች የአገሪቱ አካባቢዎች ከባድ ድርቅ ደርሷል። በቀጣዩ ዓመት በአገር አቀፍ ደረጃ የአስቸኳይ ጊዜ የምግብ እርዳታ የሚያስፈልገው ሕዝብ ቁጥር 10 ነጥብ 2 ሚሊዮን ደርሶ ነበር። በዚያ ክረምት ማዳበሪያ በብድር ወስዶ በ2008 ዓ.ም የካቲትና መጋቢት መክፈል የነበረበት ሰው፣ ዕዳው እስካሁን ካልተከፈለና በመሃል የተፈጠረ ነገር ከሌለ፣ በዚህ ዓመት በእነዚሁ ወራት ድፍን አሥር ዓመት ይሞላዋል። በሕጉ ደግሞ አሥር ዓመት ትልቅ ትርጉም ያለው ቁጥር ነው።

የመክፈያ ቀን መድረስና ውል አለመፈጸም

በ1952 ዓ.ም የወጣውና እስከ ዛሬ የሚሠራበት የፍትሐ ብሔር ሕግ ዕዳን በደረጃ በደረጃ ይመለከታል። የመጀመሪያው ደረጃ የመክፈያው ጊዜ መድረስ ነው። በሕጉ ቁጥር 1756 መሠረት ግዴታው የሚፈጸመው በውሉ በተወሰነው ጊዜ ነው። “የካቲት 30 ቀን እከፍላለሁ” ብሎ የፈረመ አርሶ አደር ከዚያ ቀን በፊት ክፈል ተብሎ በሕግ አይገደድም። ስለዚህ ምርቱ ገና አውድማ ላይ ሳለ፣ የውሉ ቀን ሳይደርስ፣ ባለዕዳውን ውዝፍ እንዳለበት ሰው መቁጠር ትክክል አይደለም። ውሉ ቀን ያልቆረጠ ከሆነ ግን ባለገንዘቡ በፈለገ ጊዜ ክፈለኝ ማለት ይችላል። በብድር ቅጹ ላይ የመክፈያ ቀን የሚሞላበት ቦታ ባዶ መቅረቱ ለተበዳሪው የማይበጀው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ደረጃ ማስጠንቀቂያ ነው። ቀኑ ስላለፈ ብቻ ባለዕዳው ወዲያውኑ በሕግ አጥፊ አይሆንም። በቁጥር 1772 መሠረት ባለገንዘቡ ውሉ አልተፈጸመልኝም ብሎ መብቱን ከመጠየቁ በፊት፣ ግዴታህን ፈጽም ብሎ ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት። ማስጠንቀቂያው በጽሑፍ ወይም የባለገንዘቡን ፍላጎት በግልጽ በሚያሳይ ሌላ አኳኋን ሊሰጥ ይችላል፤ ዕዳው የሚከፈልበት ጊዜ ከመድረሱ በፊት ግን ሊሰጥ አይችልም። ለመፈጸሚያም ተገቢ የሆነ ጊዜ ሊሰጥበት ይችላል።

ከዚህ ደንብ ውጭ የሆኑ ሁኔታዎች በቁጥር 1775 ተዘርዝረዋል። ከእነዚህ ውስጥ አርሶ አደሩን በብዛት የሚነካው፣ “የመክፈያው ቀን ካለፈ ያለ ማስጠንቀቂያ ውል እንዳፈረሰ ይቆጠራል” የሚል አንቀጽ በውሉ ውስጥ ሲኖር ነው። ታትመው በሚቀርቡ የብድር ቅጾች ላይ ይህን የመሰለ አንቀጽ መኖር አለመኖሩን ሳያዩ መፈረም አይገባም። ማንበብ የማይችል አርሶ አደር ቅጹ ሙሉ በሙሉ እንዲነበብለት የመጠየቅ መብት አለው፤ አስፈራሚው ባለሙያም ይህን ማድረጉ በኋላ ከሚነሳ ክርክር ማኅበሩን ያድናል።

ማስጠንቀቂያው ከተሰጠና ዕዳው ካልተከፈለ የመዘግየት ወለድ ይታሰባል። በውሉ ወለድ ካልተወሰነ ሕጉ ያስቀመጠው በዓመት 9 በመቶ ነው። አንድ አርሶ አደር 8 ሺህ ብር ዕዳ ኖሮበት አንድ ዓመት ሙሉ ቢያዘገይ፣ ሕጋዊው ወለድ 720 ብር ይሆናል ማለት ነው። በውሉ ያልተጻፈ “ቅጣት” በስብሰባ ውሳኔ ብቻ መጨመር ግን የውል መሠረት የለውም።

ድርቅና የዋጋ መውደቅ ዕዳን ይሰርዛሉ?

በየስብሰባው የሚነሳው ሌላ ጥያቄ ይህ ነው። አርሶ አደሩ “ምርቱ ጠፍቶብኝ፣ ዋጋው ወድቆብኝ ከምን ልክፈል?” ይላል። ጥያቄው ከእውነተኛ ችግር የመነጨ ነው። በ1994 ዓ.ም የበቆሎ ዋጋ በከፍተኛ ደረጃ በወደቀበት ወቅት፣ ምርት ተትረፍርፎ ሳለ የማዳበሪያ ዕዳቸውን መክፈል ያቃታቸው አምራቾች ጥቂት አልነበሩም። ወዲያው በቀጣዩ ክረምት ድርቅ ተከተለ።

ሕጉ “ከዐቅም በላይ የሆነ ኃይል” የሚለውን ጠበብ አድርጎ ይተረጉመዋል። ነገሩ ባለዕዳው አስቀድሞ ሊያስበው የማይችለውና ውሉን ፈጽሞ እንዳይፈጽም የሚያግደው መሆን አለበት። እንደ ጎርፍ ያለ የተፈጥሮ አደጋ፣ ጦርነት፣ የባለዕዳው ሞት ወይም ያልታሰበ ጽኑ ሕመም እንደ ሁኔታው በዚህ ውስጥ ሊገቡ ይችላሉ። ለውሉ አፈጻጸም የሚያስፈልግ ጥሬ ዕቃ ዋጋ መጨመር ወይም መቀነስ ግን በቁጥር 1794 ከዐቅም በላይ የሆነ ኃይል እንዳልሆነ ተመልክቷል። በዚህ አካሄድ የገበያ ዋጋ መዋዠቅ ብቻውን ከግዴታ ነጻ ያወጣል ብሎ መከራከር ይከብዳል። ድርቅ ወይም በረዶ ደርሶ ከሆነ ግን ጉዳቱን በማስረጃ ማቅረብ ያስፈልጋል። ጉዳቱ በደረሰበት ወቅት ከቀበሌና ከወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት የተሰጠ የጉዳት ማረጋገጫ ካለ በኋላ ለፍርድ ቤት ትልቅ ጠቀሜታ አለው።

እዚህ ላይ መስተዋል ያለበት፣ እንዲህ ያለው ምክንያት ተቀባይነት ቢያገኝ እንኳ ባለዕዳውን የሚያድነው ከኪሣራና ከመዘግየት ወለድ መሆኑ ነው። የተወሰደው ዋና ገንዘብ በዚህ ምክንያት አይጠፋም። ዋናው ገንዘብ የሚቀረው በክፍያ፣ ባለገንዘቡ በግልጽ ሲምር፣ ወይም በይርጋ መብቱ ሲታገድ ነው።

በዚሁ አጋጣሚ አንድ የተለመደ ስህተት መታረም አለበት። አበዳሪ ተቋም ያልተመለሰን ብድር ከመዝገቡ ሲሰርዝ ብዙዎች “ዕዳው ተሰረዘ” ብለው ያወራሉ። በባንክ አሠራር ክፍያው ከ90 ቀን በላይ የዘገየ ብድር “የተበላሸ ብድር” ከሚባለው ምድብ ይገባል፤ ቆይቶም ከሂሳብ መዝገብ ሊወጣ ይችላል። ይህ የተቋሙ የውስጥ ሂሳብ ሥራ ነው። ለባለዕዳው ምሬሃለሁ ተብሎ ካልተነገረው በስተቀር፣ የመክፈል ግዴታውን አያስቀርም።

አሥር ዓመት ሲሞላ

ሦስተኛው ደረጃ ይርጋ ነው። በቁጥር 1845 መሠረት፣ በሕግ ሌላ ጊዜ ካልተወሰነ በስተቀር፣ የውል ይፈጸምልኝ ጥያቄ በአሥር ዓመት ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። ቆጠራው የሚጀምረው ብድሩ ከተወሰደበት ቀን ሳይሆን የመክፈያው ጊዜ ከደረሰበት ቀን ነው። በሰኔ 2007 ዓ.ም ማዳበሪያ ወስዶ የካቲት 30 ቀን 2008 ዓ.ም ለመክፈል የተዋዋለ ሰው፣ አሥር ዓመቱ የሚሞላው የካቲት መጨረሻ 2018 ዓ.ም ላይ ነው።

ይሁን እንጂ ቆጠራው በመሃል ሊቋረጥ ይችላል። ቁጥር 1851 ሁለት ምክንያቶችን ያስቀምጣል። አንደኛው ባለዕዳው ዕዳውን ሲያምን ነው፤ በተለይም ወለድ ሲከፍል፣ ከዕዳው ከፊሉን ሲከፍል፣ መያዣ ወይም ዋስ ሲሰጥ። ሁለተኛው ባለገንዘቡ ክስ ሲመሠርት ነው። ቆጠራው ሲቋረጥ ያለፈው ጊዜ ሁሉ ይቀርና እንደ አዲስ ይጀመራል። ዕዳው በጽሑፍ ከታመነ ወይም በፍርድ ከተረጋገጠ አዲሱ ጊዜ አሥር ዓመት ነው።

ከላይ በተጠቀሰው ምሳሌ ላይ አርሶ አደሩ በመጋቢት 2012 ዓ.ም አንድ ሺህ ብር ከፍሎ ደረሰኝ ተቀብሎ ቢሆን፣ ቀሪው ዕዳ በይርጋ የሚታገደው በ2018 ሳይሆን በመጋቢት 2022 ዓ.ም ይሆናል። ዛሬ በስብሰባ ላይ “ያለብኝን ዕዳ አምኜ በሁለት ዓመት ለመክፈል ተስማምቻለሁ” በሚል ቅጽ ላይ ቢፈርምም እንዲሁ አዲስ ዘመን ይጀምራል።

ስለዚህ በዕዳ አሰባሰብ መድረኮች የሚዞረው ወረቀት ምን እንደሆነ ለይቶ መፈረም ያስፈልጋል። የስብሰባ ተሳትፎ ስም ዝርዝር ሌላ ነው፤ ስም፣ የዕዳ መጠንና “አምኛለሁ” የሚል ቃል ያለበት ቅጽ ሌላ ነው። ሁለቱን በአንድ ወረቀት አድርጎ ማስፈረም ለሰብሳቢውም አይጠቅምም፤ ፈራሚው ለመገኘቴ ነው የፈረምኩት ብሎ ቢከራከር ሰነዱ ክብደቱን ያጣል።

ይርጋን በተመለከተ ሌሎች ሁለት ነጥቦች ሊታወቁ ይገባል። የመጀመሪያው፣ ፍርድ ቤት ይርጋን በራሱ አያነሳም። ተከሳሹ ራሱ በመልሱ ላይ ካላነሳው የሃያ ዓመት ዕዳ እንኳ ሊፈረድበት ይችላል። ሁለተኛው፣ በይርጋ የታገደን ዕዳ በፈቃዱ የከፈለ ሰው “ባልከፍል ይቻለኝ ነበር” ብሎ ገንዘቡን ማስመለስ አይችልም። ይርጋ የባለገንዘቡን የመክሰስ መብት ያግዳል እንጂ ብድሩ እንዳልተወሰደ አያደርገውም። ያለውን አርሶ አደር ከአሥር ዓመት በኋላም ቢሆን ዕዳውን ከመክፈል የሚያግደው የለም፤ ማኅበሩ የአባላቱ ሀብት ነውና።

ደረሰኝ፣ ዋስና ቤተሰብ

በዕዳ ክርክር ብዙውን ጊዜ የሚያሸንፈው ወረቀት ያለው ወገን ነው። በቁጥር 2472 መሠረት ከ500 ብር በላይ የሆነ የገንዘብ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ በፍርድ ቤት በሚሰጥ የእምነት ቃል ወይም በመሐላ ነው። ብድሩ መመለሱም የሚረጋገጠው በዚሁ መንገድ ነው። ሕጉ በወጣበት ዘመን 500 ብር ከፍ ያለ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ ከአንድ ኩንታል ማዳበሪያ ዋጋ ያንሳል። ስለሆነም “ለሰብሳቢው በእጁ ሰጥቼዋለሁ፤ ጎረቤቶቼ አይተዋል” የሚለው ክርክር የገንዘብ ብድርን በተመለከተ ውጤት ላያመጣ ይችላል። ገንዘቡን የተቀበለው ሰው ሥራ ሲቀይር ወይም ሲሰወር የሚጎዳው ደረሰኝ ያልያዘው ከፋይ ነው። ያለ ደረሰኝ አለመክፈል፣ ደረሰኙንም ዕዳው ሙሉ በሙሉ ተከፍሎ ካበቃ በኋላ ጭምር ማስቀመጥ ይገባል።

በ2014 ዓ.ም በነበረው ጦርነት በክልሉ ምሥራቃዊ ዞኖች የበርካታ መሥሪያ ቤቶች ሰነዶች መውደማቸው ይታወቃል። የውል ሰነዱ የተቃጠለ፣ የተሰረቀ ወይም የጠፋ መሆኑ ከተረጋገጠ ሕጉ በሌላ ማስረጃ የማስረዳት በር ይከፍታል። ለዚህ ግን መጀመሪያ ሰነዱ እንደነበረና እንደጠፋ ማስረዳት ያስፈልጋል። በባዶ ሜዳ አዲስ ዝርዝር አዘጋጅቶ “ዕዳችሁ ይህ ነው” ማለት አይበቃም።

የቡድን ዋስትናም እንዲሁ ተገቢውን ትኩረት አያገኝም። በአንድ ውል አብረው የተበደሩ ሰዎች ሌላ ስምምነት ከሌላቸው በቀር በአንድነትና በነጠላ ኃላፊ ናቸው፤ ባለገንዘቡ ከአንዱ ሙሉውን መጠየቅ ይችላል፤ የከፈለው ደግሞ የሌሎቹን ድርሻ ከእነሱ ይጠይቃል። ዋስ የሆነ ሰው ግን በግልጽ ዋስ መሆኑን ያመነና ዋስ የሆነበት ከፍተኛ የገንዘብ መጠን በውሉ ላይ የተጻፈ መሆን አለበት። ቁጥር 1922 የገንዘቡ ልክ ያልተጠቀሰበት የዋስትና ውል ፈራሽ መሆኑን ይደነግጋል። “የቡድኑ መሪ ስለሆንክ ክፈል” የሚል ጥያቄ ብቻውን የሕግ መሠረት የለውም።

ባለዕዳው በሞተ ጊዜ ዕዳው በመጀመሪያ የሚከፈለው ሟቹ ከተወው ሀብት ነው። ባልና ሚስትን በተመለከተ ደግሞ ለትዳር ጥቅም ሲባል የተገባ ዕዳ የጋራ ዕዳ ነው። ለቤተሰቡ ማሳ የተወሰደ ማዳበሪያ በዚህ ዓይን ይታያል።

በሬው ይነዳል?

ዕዳ ባልተከፈለ ጊዜ ምን ይያዛል የሚለው ጥያቄ በአርሶ አደሩ ዘንድ ትልቁ ስጋት ነው። መልሱ የሚጀምረው ማን ነው የሚይዘው ከሚለው ነው። በልዩ ሕግ ከተፈቀደው በስተቀር፣ ለምሳሌ ባንክ በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሰል ሕጎች በመያዣ የያዘውን ንብረት በማስጠንቀቂያ እንዲሸጥ ከሚፈቀድለት ሁኔታ ውጭ፣ የባለዕዳን ንብረት የመያዝና የመሸጥ ሥልጣን የሚመነጨው ከፍርድ ነው። የቀበሌ አመራር፣ የግብርና ባለሙያ ወይም የማኅበር ሊቀመንበር ያለ ፍርድ በሬ መንዳትም ሆነ ጎተራ መክፈት አይችልም።

ፍርድ ከተሰጠ በኋላም ቢሆን የማይያዝ ንብረት አለ። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 404 አስፈላጊ ልብስና የማብሰያ ዕቃ፣ የሥራ መሣሪያ፣ ለቤተሰቡ ለተወሰነ ጊዜ የሚሆን ቀለብ እንዳይያዝ ይከለክላል። ባለዕዳው ገበሬ ከሆነ ደግሞ ለኑሮው አስፈላጊ መሆናቸውን ፍርድ ቤቱ ያመነባቸው ከብቶችና የዘር እህል አይያዙም። የሕጉ ሐሳብ ግልጽ ነው፤ የእርሻ በሬውና ዘሩ የተወሰደበት ገበሬ በሚቀጥለው ዓመትም አይከፍልም።

መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ በመሆኑ አይሸጥም፤ የመጠቀም መብት ግን በገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1324/2016 መሠረት ለብድር ዋስትና ሊቀርብ ይችላል። እንደ እህልና እንስሳት ያሉ ንብረቶችም በተንቀሳቃሽ ንብረት የዋስትና መብት አዋጅ ቁጥር 1147/2011 መያዣ መሆን ይችላሉ። መብቱን ወይም ከብቱን ለመያዣ የፈረመ አርሶ አደር ውጤቱን አስቀድሞ ማወቅ አለበት።

ባለዕዳን በፖሊስ ጣቢያ ማሳደርም የዕዳ ማስከፈያ መንገድ አይደለም። ኢትዮጵያ በ1985 ዓ.ም የተቀበለችው የሲቪልና ፖለቲካ መብቶች ዓለም አቀፍ ቃል ኪዳን፣ የውል ግዴታን መፈጸም ባለመቻል ብቻ ማንም እንዳይታሰር ይከለክላል። መክፈል እየቻለ ፍርድን ሆን ብሎ የሚያደናቅፍ ሰው ጉዳይ ለፍርድ ቤት የተተወ ነው። እንዲሁም መታወቂያን ወይም የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተርን ለዕዳ መያዣ አድርጎ ማስቀረት ፍትሐ ብሔር ሕጉ ከዘረዘራቸው የማስፈጸሚያ መንገዶች ውስጥ አይገኝም።

ለወረዳዎችና ለማኅበራት የሚቀረው ሥራ

ከላይ የተነሳው ሁሉ ዕዳ አይሰብሰብ የሚል መልእክት የለውም። ያልተመለሰ የግብዓት ገንዘብ በሚቀጥለው ዓመት ለሌላው አባል የማይደርስ ማዳበሪያ ነው። በ1990ዎቹ የክልል መንግሥታት በበጀታቸው ዋስ እየሆኑ የግብዓት ብድር ያቀረቡበት አሠራር ያስተማረው ይህንኑ ነው፤ ከገበሬው ያልተሰበሰበው ከሕዝብ በጀት ላይ ይቀነሳል።

ሕጉ ለሰብሳቢው የሰጠው መሣሪያ ግን ከስብሰባና ከጫና የበለጠ ነው። የመጀመሪያው ሥራ ዕዳዎችን በመክፈያ ቀናቸው ለይቶ መመዝገብ ነው፤ የትኛው ገና አልደረሰም፣ ለየትኛው ማስጠንቀቂያ ተሰጥቷል፣ የትኛው አሥር ዓመት ሊሞላው ተቃርቧል የሚለው በግልጽ መታየት አለበት። ቀጥሎ ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ሰጥቶ ቅጂውን ከፊርማ ጋር ማስቀመጥ ነው። የመክፈል ፍላጎት እያለው አቅም ካጠረው አባል ጋር በግልጽ የተጻፈ የአከፋፈል ስምምነት ማድረግ ለሁለቱም ወገን ይጠቅማል። በማኅበርና በአባል መካከል የሚነሳ አለመግባባት በኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 በተመለከተው የእርቅና የግልግል መንገድ ሊታይ ይችላል።

ይህ ሁሉ ካልሠራ በጽሑፍ የተረጋገጠና ልኩ የታወቀ ገንዘብ በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 284 በሚጀምረው አጭር ሥነ ሥርዓት ክስ ሊቀርብበት ይችላል። እዚህ ላይ አርሶ አደሩ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። በዚህ ሥነ ሥርዓት የተከሰሰ ሰው ለመከላከል በመሐላ በተደገፈ ማመልከቻ አስቀድሞ ፈቃድ መጠየቅ አለበት። መጥሪያውን ተቀብሎ ዝም ያለ ሰው የከፈለበት ደረሰኝ ወይም የይርጋ መከራከሪያ በእጁ እያለ ሊፈረድበት ይችላል። መጥሪያ የደረሰው ሁሉ በተባለው ቀን መቅረብና ሰነዱን ይዞ የሕግ ምክር መጠየቅ ይኖርበታል።

በመጪዎቹ ሳምንታት በየቀበሌው የባለዕዳ ዝርዝር ሲነበብ ከእያንዳንዱ ስም ጎን ሦስት ነገሮች ቢሰፍሩ ብዙ ክርክር ይቀራል፤ የመክፈያው ቀን፣ ማስጠንቀቂያ የተሰጠበት ቀንና የመጨረሻው ክፍያ የተፈጸመበት ቀን። አርሶ አደሩም ከመፈረሙ በፊት እነዚህኑ ሦስት ቀናት ይጠይቅ። “ጊዜው ያለፈበት” የሚለው ቃል ውዝፍን ይሁን ይርጋን የሚያመለክተው በእነዚህ ቀናት ይታወቃል።